የማይነበብ ፊርማ አለበት

በሠላሳ ስምንት ዓመት የሥራ ዘመኔ ከሁሉ አብዝቼ የጻፍኩት አረፍተ ነገር «የማይነበብ ፊርማ አለበት» የሚለው ነው። የፍርድ ቤት ደጅ ያልረገጠ ሰው ላያውቀው ይችላል። ዳኞች ውሳኔያቸውን በእጃቸው ጽፈው ይፈርሙበትና ያ ወረቀት መዝገቡ ውስጥ ይቀራል። ባለጉዳይ የሚወስደው ጸሐፊ በጽሕፈት መኪና የገለበጠችውን ነው። ፊርማ በመኪና አይገለበጥምና በቦታው «የማይነበብ የዳኞች ፊርማ አለበት» ተብሎ ይጻፋል፤ ሬጅስትራሩ «ትክክለኛ ግልባጭ ነው» የሚለውን ማኅተም ያሳርፍበታል። ከዚያ ወዲያ ሰው ቤቱንም መሬቱንም የሚያስከብረው በዚያ ወረቀት ነው። እኔ ቢቸና ጸሐፊ፣ ሞጣ ሬጅስትራር ነበርኩ። አረፍተ ነገሩንም ማኅተሙንም ስመታ ኖሬ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ።

ሽኝት አዘጋጁልኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፤ አንድ ወጣት ዳኛም ተነሥቶ «እትዬ ስመኝ እጅ የገባ ወረቀት አይጠፋም» ብሎ ተናገረልኝ። ተጨበጨበ። እኔ ጋቢዬ ውስጥ ላብ አጠመቀኝ። ከሦስት ቀን በፊት መዝገብ ቤቱን ሳስረክብ ከአንድ መዝገብ ጀርባ አንዲት ገጽ አግኝቼ ነበር። አግኝቼ ስል እንዳትሳሳቱ፤ የት እንዳለች አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አውቅ ነበር።

ስለ ደመወዝና ስለ ዕድገት ብዙ አልጽፍም። ደመወዙ ያው የመንግሥት ደመወዝ ነው፤ ዕድገቱም የመጣው ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ ነው። የምጽፈው ስለዚያች ገጽ፣ ስለጻፏት ዳኛና ገጿ ስለቀረችባት ሴት ነው።

ቢቸና ስቀጠር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የሰጡኝ የጽሕፈት መኪና «ፍ» ፊደሏ ተሰብሮ ስለነበር «ፈ» መትቼ በእስክሪብቶ አስተካክል ነበር። ፍርድ፣ ፍትሕ፣ ፍትሐ ብሔር፤ የፍርድ ቤት ቃል ሁሉ በዚያች ፊደል ይጀምራል። በቀን ስንት ጊዜ እስክሪብቶ እንደማነሣ ገምቱ። አምስት ወረቀት በካርቦን ደራርቤ ስመታ አምስተኛው በጭንቅ ይታያል፤ እሱ የሚደርሰው ደግሞ ሁልጊዜ ለድሃው ነው። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ሳድል የኖርኩት ግን እኔው ነኝ።

ዳኛ ልየው የመጡት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሠላሳዎቹን ያጋመሱ፣ ቀጭን፣ ከቅኔ ቤት ወጥተው ሕግ የተማሩ ሰው ናቸው። ሦስት ዳኞች በሚሰየሙበት ችሎት ከሰብሳቢው በስተግራ ይቀመጣሉ። ብዕራቸውን ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። አንቀጾቻቸውን በግዕዝ ቁጥር ይቆጥራሉ። የሰው ስም ሲጽፉ ባለቤቱን አስጠርተው «በሀሌታው ነው በሐመሩ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ገበሬው ግራ ገብቶት «እንደወደዱ ያርጉት ጌታዬ» ይላቸዋል። እሳቸው ግን እንደወደዱ አያደርጉም፤ የክርስትና ምስክር ወረቀት ካለው አምጣ ይሉታል። ፊርማቸው ስማቸው ነበር፤ ከነአባታቸው፣ ተለቅሞ የተጻፈ። ፊደል የቆጠረ ልጅ ያነበዋል።

አንድ ቀን ግልባጭ ይዘው ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ።

«ስመኝ፣ የኔ ፊርማ አይነበብም?»

«ይነበባል፣ ክቡር ዳኛ።»

«ታዲያ ለምን አይነበብም ብለሽ ጻፍሽ?»

«ደንቡ ነው።»

«ማንበብ የማይችለው ደንቡ ነዋ» ብለው ስቀው ሄዱ። እኔም መጻፌን ቀጠልኩ።

በሦስት ዳኞች ችሎት አንዱ በውሳኔው ካልተስማማ የልዩነት ሐሳቡን ይጽፋል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ዳኛ ልየው ግን ሌላ ልማድ ነበራቸው። ባልደረቦቻቸው «ከሳሽ ይርታ» ሲሉ እሳቸውም «ይርታ» ብለው ይስማማሉ፤ ነገር ግን የሚረታበት ምክንያት ሌላ ነው ብለው ካመኑ ተጨማሪ ገጽ ይጽፋሉ። ገጿ ሁልጊዜ «፩. በውሳኔው ውጤት እስማማለሁ» ብላ ትጀምራለች። ጠበቆች ስማቸውን ገልብጠው «ዳኛ ልለየው» አሏቸው። እኛ ጸሐፊዎች ደግሞ ገጿን «ጭራ» አልናት፤ ሥራ አለቀ ስንል ከኋላ ትጎተታለችና። መጀመሪያ ያመጡልኝ ቀን ገርሞኝ ጠየቅኋቸው።

«ክቡር ዳኛ፣ ተለይተዋል?»

«አልተለየሁም። ተስማምቻለሁ።»

«ከተስማሙ መፈረም አይበቃም?»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ቅኔ ቤት ሳለሁ የኔታ አንድ ቃል ጠየቁኝ፤ ከምን እንደወጣ። አላውቀውም። ገምቼ መለስኩ፣ ልክ ሆነ። ደስ ብሎኝ ቀና ስል 'ከየት አመጣኸው?' አሉኝ። ዝም አልኩ። 'ልክ ብለሃል፤ ግን አላወቅኸውም' ብለው ከታናናሾቼ በታች አስቀመጡኝ። ተናድጄ አለቀስኩ። አሁን ግን ይገባኛል። የረታ ሰው የሚቆመው በምክንያቱ ላይ ነው። ምክንያቱ ከተናደ አብሮ ይናዳል። ይግባኝ ሰሚው 'ከየት አመጣችሁት?' ባለ ጊዜ እኛ አንኖርም፤ የምትኖረው ወረቀቷ ናት።»

ነገሩን በዓይኔ ያየሁት በአንድ በሬ ምክንያት ነው። ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ቢቸና ገበያ በቅሏቸውን አስረው ሳሉ የአንድ ገበሬ በሬ ወግቶ ገደላት። ሁለቱ ዳኞች «ገበሬው በሬውን ባለማሰሩ ጥፋተኛ ነው፣ ይካስ» አሉ። ዳኛ ልየው «ይካስ» ብለው ተስማሙና ጭራቸውን ጻፉ፦ ከብት ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ የሚጠየቀው አሰረ አላሰረ ተብሎ ሳይሆን ባለቤት ስለሆነ ነው። ገበሬው ይግባኝ አለ። በሬው ታስሮ እንደነበረና ገመድ በጥሶ እንዳመለጠ በምስክር አስረዳ። የሁለቱ ዳኞች ምክንያት ወደቀ። ውሳኔው ግን በጭራዋ ቆመ። ሐጂ ሰይድ ግልባጩን ሲወስዱ «ሁለቱ ዳኞች በሬውን ፈቱት፤ ሦስተኛው አሰረልኝ» ብለው አሳቁን። እንግዲህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ጭራዋ ምን እንደምትሠራ ገና በሃያ አራት ዓመቴ አውቄያለሁ።

ማወቅ ግን ማጉረምረምን አያስቀርም። «ተስማምተው ሲያበቁ ምን ያስለፈልፋቸዋል» እያልኩ ጭራቸውን ስገለብጥ ዓመታት ሄዱ። እሳቸው ተዛወሩ፤ እኔም ባሌን ተከትዬ ሞጣ ገባሁ፤ መኪናው በኮምፒውተር ተተካ፣ እኔም ሬጅስትራር ሆንኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ዳኛ ልየው ሞጣ ላለው ችሎት ተመድበው ሲመጡ ፀጉራቸው ሸብቶ ነበር። ልማዳቸው ግን እንዳለ ነው። በመጡ በሳምንታቸው መዝገብ ይዘው ቢሮዬ ገቡና «ስመኝ፣ እጅ መታጠቢያው የት ነው?» አሉኝ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ እንደ አባት ናፍቄያቸው ነበር።

የይመኙሻል ጉዳይ የመጣው በሁለተኛው ዓመታቸው ነው። ይመኙሻል የጉንደ ወይን ሴት ናት፤ በዕድሜ እኩያዬ። አጎቷ ልጅ ያልወለደ ገበሬ ነበር። ሲታመም ከጎጆዋ ወጥታ እሱ ቤት ገባች፤ ስምንት ዓመት አጠበችው፣ አጎረሰችው፣ አገላበጠችው። እሱም ገና በአእምሮው ሳለ መሬቱን በስጦታ ሰጣት፤ ስጦታውም በመሬት ጽሕፈት ቤቱ ተመዘገበ። አጎቷ ከሞተ በኋላ የወንድሙ ልጅ ከሄደበት ተመልሶ «ወራሽ እኔ ነኝ» ብሎ ከሰሳት። ያለ መሬቱ ምንም የላትም ነበር። የራሷን ድርሻ አጎቷን ልትጦር ስትነሣ ለእህቷ ልጅ ለቅቃ ነበርና።

ሁለቱ ዳኞች ከሳሹ መብቱን ሳይጠይቅ ዘግይቷል፣ ይርጋ ያግደዋል ብለው ክሱን ዘጉት። ይርጋ ካገደው ስለ ስጦታው መመርመር አያስፈልግም ብለው አለፉት። ዳኛ ልየው ክሱ መዘጋቱን ተስማሙበት። ነገር ግን ከሳሹ ቀደም ሲል በማኅበራዊ ፍርድ ቤት ጠይቆ ስለነበር ይርጋው ተቋርጧል፤ ሴትዮዋ የምትረታው እሱ በመዘግየቱ ሳይሆን ጧሪ በመሆኗና ስጦታው የጸና በመሆኑ ነው ብለው ጭራቸውን ጻፉ። ፍርዱ በተነበበ ዕለት ጭራዋንም ራሳቸው በችሎት አነበቧት። እኔ አልነበርኩም፤ የነበሩ እንደነገሩኝ ግን ይመኙሻል ስለ ይርጋው ሲነበብ ምንም አልገባትም። ዳኛ ልየው «ስምንት ዓመት የጦረች» ሲሉ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።

ፍርድ ቤት ለክረምት ሊዘጋ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። በዚያ ሳምንት ሁሉም ግልባጭ ይፈልጋል፤ በሩ ላይ ሰው እንደ ገብስ ታጭቋል። ጸሐፊዋ ወሊድ ላይ ስለነበረች ራሴ እገለብጥ ነበር። የይመኙሻልን ውሳኔ ገልብጬ መጨረሻው ላይ ደረስኩ። የማውቀው የእጅ ጽሑፍ፣ የማውቀው የግዕዝ ቁጥር፦ «፩. በውሳኔው ውጤት እስማማለሁ።» ከዚያ በታች አላነበብኩም። ከተስማሙ ተስማሙ አልኩ። «የማይነበብ የሦስት ዳኞች ፊርማ አለበት» ብዬ ዘጋሁት፤ «ትክክለኛ ግልባጭ ነው» የሚለውን ማኅተም መታሁበት። ሌላው መዝገብ እየጠበቀኝ ነበር።

ዓርብ ዕለት ዳኛ ልየው ሊሰናበቱኝ ገቡ። ወደ ሌላ ዞን መዛወራቸውን ያን ዕለት ነው የነገሩኝ። ከበሩ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«የዚያች የጉንደ ወይን ሴት፣ ጭራዋን አላስቀረሻትም አይደል?»

ጭራ እንደምንላት ማወቃቸውን ሰምቼ አፈርኩ። «ኧረ አልቀረችም፣ ክቡር ዳኛ» አልኳቸው። ማስተካከል እችል ነበር። መዝገቡ ከኋላዬ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ደክሞኝ ነበር። ስለ ድካም ብዙ ሰው ብዙ ይላል፤ እኔ የማውቀው በድካም ሰው መሬቱን እንደሚያጣ ነው።

ከሳሹ ይግባኝ አለ። ይግባኝ ሰሚው አንዳንዴ ዋናውን መዝገብ ያስቀርባል፤ ያን ጊዜ ግን በግልባጩ ነው የሠራው። ይርጋው ተቋርጧል ተብሎ የእኛ ውሳኔ ተሻረ፤ ልክ ዳኛ ልየው እንዳሉት። ስለ ስጦታው በውሳኔው የሠፈረ ነገር የለም፣ መልስ ሰጪዋም አብራርታ አላስረዳችም ተባለና መሬቱ ለወንድምየው ልጅ ተፈረደ።

ይመኙሻል ቢሮዬ የመጣችው የሻረውን ውሳኔና የእኔን ግልባጭ በአንድ ላይ ጠቅልላ ነው። ያኔ ለሹመቴ አክብራ «እርስዎ» ትለኝ ነበር።

«እትዬ፣ የዚያን የቀጭኑን ዳኛ ቃል የት አደረጉት?»

«የምን ቃል?»

«ስለ ስጦታው ምን ትያለሽ ቢሉኝ፣ ወረቀቱ ላይ አለ አልኋቸው። እኔማ ማንበብ አልችል። ገለጡ፣ ገለጡ፣ የለም አሉኝ። አለ እንጅ፣ ዳኛው ሲያነብ በጆሮየ ሰምቻለሁ አልሁ። የለም አሉኝ።»

«ቆይ» ብያት ወደ መዝገብ ቤት ገባሁ። መዝገቡን ገለጥኩ። ገጿ ከኋላ አለች፤ ፩፣ ፪፣ ፫፣ ከሥሯ የሚነበበው ፊርማ። ያን ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበብኳት። በሬው ትዝ አለኝ፤ ሐጂ ሰይድ ትዝ አሉኝ። ለሰበር አቤት ለማለት ገና ቀን ነበራት። ገጿን ገልብጬ፣ ማኅተም መትቼ፣ ለአለቆቼ «በስህተት ቀርታብኝ ነው» ብዬ ብጽፍ የሚሰማት ታገኝ ይሆናል። ነገር ግን «ትክክለኛ ግልባጭ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ግልባጭ መስጠት ከሥራ ያስባርራል፣ ያስከስሳልም። ሁለት ልጆቼ ትምህርት ላይ ነበሩ፤ ባሌ ታሞ ተኝቷል። ምክንያት ከጠየቃችሁኝ ብዙ አለኝ፤ አንዱም የዳኛ ልየውን የኔታ አያልፍም።

ተመልሼ ወጣሁና «እንዲህ ያለ ነገር መዝገቡ ላይ የለም» አልኳት። ፊቷን ሳየው ይበልጥ ፈራሁና ጨመርኩበት፦ «በችሎት ግርግር ተሳስተሽ ሰምተሽ ይሆናል።»

«ተሳስቸ?»

«ይሆናል። ሰው የሚፈልገውን ይሰማል።»

ወረቀቶቿን ቀስ ብላ ጠቀለለች። «እኔ እኮ ምየበታለሁ» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ስትወጣ እፎይ አልኩ። ይህንንም ልጻፈው፤ እፎይ ብያለሁ።

የሰበሩ ቀነ ገደብ አለፈ። መሬቱን ለቅቃ ታስረክብ የሚለውን የአፈጻጸም ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ ምን እንዳልኩ ታውቁታላችሁ።

ዳኛ ልየውን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አገኘኋቸው። ጡረታ ወጥተው ለዘመድ ለቅሶ ሞጣ መጥተው ነበር፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀምሯል። ትንሽ ተጫውተን ስናበቃ «የዚያች ጧሪዋ ሴት ይግባኝ እንዴት ሆነ?» አሉኝ። ያን ሁሉ መዝገብ አይተው እሷን አልረሷትም።

«ጸናላት» አልኳቸው።

«በይርጋው እንዳልሆነ አውቃለሁ» ብለው ፈገግ አሉ። «በጭራዋ ነው።»

«በጭራዋ ነው» አልኩ። በዓመቱ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ያነባሁትን ያህል ለእናቴም አላነባሁም፤ ሰዎች ታማኝ ሠራተኛቸው ነበረች አሉኝ።

አሁን ጭራ የሚጽፍ ዳኛ የለም። የዛሬ ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ ቶሎ ይጽፋሉ፣ ከኮምፒውተሩ ያለፈውን ውሳኔ አውጥተው ስም ይቀይራሉ፣ ሦስቱም በአንድ አፍ ይፈርማሉ። ባለፈው አንዱን «በውጤቱ ተስማምተህ በምክንያቱ ብትለይ ትጽፋለህ?» አልኩት። «እትዬ፣ ማን ያነበዋል?» አለኝ። መንገድ ተዘግቶ ችሎት የማይቀመጥበት ሳምንት ሲበዛ ደግሞ ሰው ፍርድ መጠየቁንም ተወው። መዝገብ ቤቱን ያስረከብኩት አቧራ ለብሶ ነው።

ገጿን ባስረከብኩ ዕለት በደብተሬ ገለበጥኳት። ከሽኝቱ በኋላ አንድ ወር አመነታሁ። ከዚያ ገበያ ዳር ያለው ኮፒ ቤት ሄጄ ኮምፒውተር ተከራየሁና በራሴ እጅ አጥርቼ ጻፍኳት፤ መንገድ ሲከፈት ጠብቄ ጉንደ ወይን ሄድኩ። ጠይቄ አገኘኋት። በእህቷ ልጅ ግቢ፣ ከበረቱ ጎን ባለች አንዲት ክፍል ትኖራለች። አንድ ጉልበቷን አጥፋ ተቀምጣ ጌሾ እያሰጣች ነበር። ከአጥሩ ማዶ የአጎቷ መሬት ይታያል፤ ጤፍ ይዘራበት የነበረው ሁሉ ባሕር ዛፍ ሆኗል። የባሕር ዛፍ ሥር የበላው መሬት ቢመለስም ለእርሻ እንደማይሆን የገበሬ ልጅ ነኝና አውቃለሁ።

ቀና ብላ አየችኝ። «አንች ሬጅስትራሯ አይደለሽ?»

«ነኝ። እንዴት ዋሉ?»

እኔ «እርስዎ»፣ እሷ «አንች»፤ የያኔው ተገለበጠ። ልክ ነበር። የመጣሁበትን ነገርኳት፤ ምንም ሳላስቀር፣ ማኅተሙን፣ ድካሙን፣ መዝገብ ቤት ገብቼ አይቼ መውጣቴን። ፊቷ አልተለወጠም። «እስቲ አንብቢው» አለችኝ።

አነበብኩላት። «፩. በውሳኔው ውጤት ከባልደረቦቼ ጋር እስማማለሁ። ፪. በምክንያቱ አልስማማም፤ ይርጋው ተቋርጧልና። ፫. ተከሳሿ የምትረታው ከሳሹ ስለዘገየ አይደለም። ሟችን ስምንት ዓመት የጦረች እሷ በመሆኗ፣ ሟችም ይህን አውቆ፣ በሙሉ አእምሮው ሳለ መሬቱን ስለሰጣት ነው። መሬቱ የእሷ ነው።»

«ታችስ? ታች ደግሞ አለ» አለች በጣቷ እያሳየች።

አየሁ። ኮፒ ቤት ተቀምጬ፣ ያን ሁሉ ዓመት ተሸክሜው የኖርኩትን ላርም ብዬ ስጽፍ፣ እጄ በልማዱ ሄዶ «የማይነበብ የዳኛ ፊርማ አለበት» ብሎ ጽፏል። አላወቅኩም ነበር። አነበብኩላት።

«ካልተነበበማ ማን እንዳለው በምን ይታወቃል?» አለች።

እስክሪብቶ አውጥቼ መስመሩን ሰረዝኩት። ከበላዩ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፍኩ፤ እሳቸው እንደሚጽፉት አድርጌ፣ ፊደል በፊደል። ስሙን ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

«ብሎልኛል ማለት ነው?»

«ብለዋል።»

«ያን ዕለት? በችሎት?»

«በትክክል ሰምተዋል። የተሳሳቱት እኔ እንጂ እርስዎ አይደሉም» አልኩ፤ ቃሉ ሁሉ ተምታታብኝ።

«ዳኛው ብሎልኛል ብየ ለአገሬው ሁሉ በታቦት ምየ ነበር» አለች። «አንች የለም ስትይኝ፣ በሐሰት ማልሁ ብየ ደነገጥሁ። ለንስሐ አባቴ ነገርሁ። በሐሰት ለማልሽው ሰባት ሳምንት ስገጅ አሉኝ። ሰገድሁ። ጉልበቴ እንዲህ የሆነው ያን ጊዜ ነው።»

ጉልበቷን አየሁ፤ ከተቀመጠችበት አልተዘረጋም።

«አንችስ?» አለችኝ። «አንችስ ንስሐ ገብተሽበታል?»

«አልገባሁም።»

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና አራት አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። «እንግዲያስ የሰገድሁት ላንች ነዋ» አለችና ወደ ጌሾዋ ተመለሰች። ጥቂት ቆምኩ፤ ዳግም ቀና ብላ አላየችኝም። ከዚያ የሞጣ መኪና ወደሚቆምበት ወረድኩ።